የጥርስ ሐኪሙ ሶፋ

ይህ ታሪክ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እውነት ነው። ከውስጡ አንዲት ፍሬ ውሸት ለቅሞ የሚያወጣ ሰው ከተገኘ፣ ይህን የተረከ አፍ ዳግም እህል አይቅመስ። መንደሩ በሙሉ ያየው፣ ያላየው የሰማው፣ ያልሰማው ደግሞ ካየው ሰው አስበልጦ ያወራው ነገር ነው። ባለቤቱ ሶፋ ጠጋኙ ራሱ በገዛ አፉ፣ በገዛ ሱቁ፣ በጠራራ ፀሐይ ተናግሮታል። ምስክር ከተፈለገም ሚስቱ አለች፤ ማንም ሄዶ መጠየቅ ይችላል። “የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ” ብሎ የሚተርት ቢኖር ይተርት፤ ሴትዮዋ ግን ለባሏ ብላ ጥቁሩን ነጭ የምትል ሴት አይደለችም።

ነገሩ የተጀመረው ዳቦ ቤት ደጃፍ፣ ሰልፍ ላይ ነው። ጠዋት ነበር፤ ፀሐይ ገና ከጣሪያዎቹ ጀርባ ትንጠራራለች። ሶፋ ጠጋኙ ለሚስቱና ለልጁ ዳቦ ሊገዛ ቆሞ ሳለ፣ ከኋላው ሁለት ሴቶች ስለ ልብስ አጣቢዋ ሲያወሩ ሰማ። አጣቢዋ ከመንገዱ ማዶ የምትኖር፣ ልጇ ኩላሊቱን የታመመባት ሴት ናት። ትናንት “ጥናቷ” ቤቷ ገብታ ነበር። ጥናቷ የሚሏት አንዲት ወጣት ናት፤ ስሟን የጠየቃት የለም። በሽታ የገባባቸውንና ኑሮ የከበዳቸውን ቤቶች እየዞረች ታያለች፣ ትጠይቃለች፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሚያስታምም፣ የሚደርስላቸው ዘመድ ይኑር አይኑር። ሥራዋ ጥናት ነው ተብሎ ስለተነገረ ሴትዮዋም ሥራውም አንድ ላይ ጥናቷ ተባሉ። ታዲያ ከሴቶቹ አንደኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ለእንግዳ የሚሆን መቀመጫ እንኳ የላቸውም ብላ ጻፈችባት አሉ፤ መሬት ላይ ነው ያስቀመጠቻት” አለች። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። “አያድርስ ነው እቴ። ማጣቱስ ይሁን፣ መጻፉ ነው የከፋው።”

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሶፋ ጠጋኙ ጆሮ ግን ያን ጠዋት ለባለቤቱ ታመነ። ጥናቷ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ እሱ ቤት እንደምትመጣ ከጤና ጣቢያው ተነግሮታል። ዳቦውን ታቅፎ ሲመለስ እግሩ መሬት የረገጠ አይመስለውም ነበር። “በሶፋ ሠሪ ቤት እንግዳ መሬት ላይ ተቀመጠ” ተብሎ ሲጻፍ ታየው። ጽሑፉ ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ፣ በማያውቃቸው ከተሞች የማያውቃቸው ምሁራን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ሲሳሳቁ፣ አንዱ ለአንዱ “ሶፋ ሠሪ ነው አላልክም?” ሲል ሰማው። የመንገዱ መብራት ቀይ ሆኖ ሳለ ተሻገረ። ሹፌሮቹ ሰደቡት፤ እሱ ግን ስድቡም የዚያው ጽሑፍ ቀጣይ ገጽ መሰለው።

መንደሩ ይህን ሰው “ጨምርበት” ነው የሚለው። ሲያካፋ ጎርፍ መጣ ይላል፤ ድመት ካለፈች ነብር አለፈ ይላል፤ አንድ የቢሮ ወንበር ከጠገነ ፓርላማውን ሙሉ አስቀመጥኩት ይላል። እሱ ሲያወራ አንድ ሰው ሁለት፣ ሁለት ሰው ሠራዊት ይሆናል። ክፋት የለበትም፤ እጁ የሰው ወንበር ሲጠግን አፉ ዓለምን ያሰፋል፣ ያ ነው ነገሩ። ዝም የሚለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጨርቅ ሲወጥር። ያን ጊዜ ትንንሾቹን ሚስማሮች ከከንፈሩ መሃል ደርድሮ ይይዝና አንድ በአንድ እያወጣ ይመታል። ጸጥታ የሚወዱ ደንበኞች ሚስማሩ እንዳያልቅ ይጸልያሉ። ሚስቱም ድሮ፣ ጤነኛ ሳለች፣ ወሬው ሲበዛባት “ሚስማር ላቀብልህ?” ትለው ነበር፤ እሱም ይስቅ ነበር።

ቤታቸው በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ነው። ከመጋረጃው ወዲህ፣ በመስኮቱ ሥር፣ የሚስቱ አልጋ አለ። ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፤ እጇ የአልጋው ጠርዝ ላይ እንደተረሳ ጓንት ተጋድሞ ይውላል። ምላሷ ተመልሶላታል፤ ግን ቃል የምታወጣው በመርፌ ቀዳዳ ክር እንደምታሾልክ ሴት ነው፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ ቀስ ብላ። ጥጉ ላይ አንድ የሶፋ አጽም ቆሟል፤ እንጨትና ስፕሪንግ ብቻ፣ ስፖንጅም ጨርቅም የሌለው። በተጋቡ ሰሞን “አንቺን የሚመጥን ጨርቅ ሲገኝ አለብሰዋለሁ” ብሎ ያቆመላት ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ የከተማውን ሰው መቀመጫ ሁሉ ያለበሰ እጅ የራሱን ራቁቱን አስቀረው። እስካሁን እርጥብ ልብስ ይሰጣበታል። ነፋስ በገባ ቁጥር ስፕሪንጎቹ በራሳቸው ይንጫጫሉ፤ ሚስቱ ጤነኛ ሳለች “ሶፋህ እየጠራህ ነው” ትለው ነበር።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ኤሌክትሪክ ሙያ ትማር የነበረች። እናቷ ስትወድቅ ትምህርቱን አቋርጣ ቤት ቀረች። ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች፣ ታጎርሳታለች። ፒንሳውና ቴስተሩ ያሉበት ቦርሳዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ኮሌጁ ከሚመጣው ሰኞ ካለፈች ቦታዋን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሯታል፤ ከዚህ በፊት ታግሷታል፣ ከእንግዲህ አይታገስም። ጥናቱ ደግሞ ለመረጣቸው ቤቶች አስታማሚ ይልካል፤ በየጠዋቱ መጥታ ሕመምተኛዋን የምታጥብ፣ እጅ እግሯን የምታንቀሳቅስ፣ ቤተሰቡንም እንዴት እንደሚያግዝ የምታስተምር ሴት። አስታማሚዋ ከመጣች ልጅቷ ትሄዳለች፤ ካልመጣች ትቀራለች። ነገሩ ይኸው ነው። አባትየው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ቢሆንም እንግዳ ሊመጣ ነው፤ እንግዳውም መሬት ላይ ሊቀመጥ ነው።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው የጥርስ ሐኪሙ ሶፋ የሚገባው። ሥራው አልቆ ሱቁ ውስጥ ባለቤቱን ይጠብቅ ነበር። የለበሰው ከፋይ የሚሉት ለስላሳ ጨርቅ ነው፣ ደማቅ ቀይ ቀለም ያለው፤ የአንዱ ሜትር ዋጋ የእነሱን ቤት የወር ኪራይ የሚያስንቅ። እጅ ሲያልፍበት አንዴ ይጠቁራል አንዴ ይፈካል፤ ጀንበር ስትጠልቅ እንዳለ ሰማይ። ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ መኪና ይዤ እመጣለሁ ብሎ ነበር። ጨምርበት ግን ሐኪም መቼ ቀጠሮ ያከብራል ብሎ ራሱን አጽናና። ጥናቷ መጥታ እስክትሄድ፣ ሶፋው ለአንድ አፍታ እሱ ቤት አረፍ ቢል ማን ይሞታል? ሱቁን ቆልፎ ባለ ጋሪውን ጠራ።

ያን ሶፋ የተሸከመው አርባ ሰው ነው። ባለ ጋሪውና እሱ ብቻ ነበሩ የሚል ካለ ምቀኛ ነው። መንገዱ ቅርብ ነበር፣ ያን ቀን ግን ሆን ብሎ ረዘመ። ትራፊኩ ሙሽራ የምታልፍ መስሎት መኪናዎቹን አስቁሞ እጁን ወደ ቆቡ አነሳ። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ግማሽ ራሳቸው የተሠራ ሴቶች ማበጠሪያ እንደተሰካባቸው ወጥተው አጨበጨቡ። ብረት በያጆቹ ብልጭታቸውን አጥፍተው ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ። ጥርሱን የሚያመው አንድ ሽማግሌ ሶፋው በአጠገቡ ሲያልፍ ሕመሙ ለቀቀው፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰበትም። ሶፋው ከሁሉም ትከሻ በላይ፣ ፀሐይ እየዳበሰችው፣ እንደ ቀይ ደመና ተንሳፈፈ። ከሥሩ የሚራመደው ጨምርበት ደግሞ ጥላው ቀይ ሆኖ ታየው።

በሩ ግን አላስገባም አለ። በቁም ሞከሩት፣ በጎን ሞከሩት፣ እግሮቹን ፈትተው ሞከሩት፤ እምቢ። የሶፋ ባለሙያ የሆነ ሰው በሩን ሳይለካ እንዴት ሶፋ ያመጣል የሚል ይኖራል። ይህ ሰው እኮ በከተማው ውስጥ ያልለካው በር የለም፤ ሶፋ የወሰደበትን ቤት ሁሉ ስፋቱን በቃሉ ይነግራችኋል። ያልለካው የራሱን ብቻ ነው፤ በዚያ የሚያስገባው ሶፋ ኖሮት አያውቅማ። ባለ ጋሪው ላቡን እየጠረገ “ጋሼ፣ ወይ ቤቱን እናፍርሰው” ሲለው፣ ጨምርበት ቀልዱን ለቁም ነገር ወሰደው። መስኮቱን ከነፍሬሙ ነቀለው። ያ ሁሉ ቀይ በመስኮቱ ክፍት ሲገባ ቤቱ ሊነክሰው አፉን የከፈተ መሰለ፤ ጣሪያው ከፍ አለ፣ ግድግዳዎቹ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ የሶፋው አጽም ጥጉ ላይ ሆኖ የሚያፍር ይመስል ነበር። ልጅቷ መጋረጃውን ይዛ ቆማ ታያለች። ትንሽ ቆይታ መጥረጊያ አመጣችና ከግድግዳው የረገፈውን ጠረገች።

ሚስቱን አባትና ልጅ ተጋግዘው ሶፋው ላይ አስቀመጧት። ከታመመች ወዲህ ከአልጋ ሌላ ነገር ደግፏት አያውቅም። ከፋዩ ቀስ ብሎ ዋጣት፤ የማይታዘዘው እጇም ጨርቁ ላይ ሲያርፍ የታመመ መሆኑን ረሳ። መስኮቱን መልሶ ለመግጠም ጊዜ ስላልነበረ መንገዱ እንዳለ ቤት ገብቶ ነበር። ደጅ የሚያልፍ ሰው ቤት ውስጥ የሚያልፍ ይመስላል፤ የብስክሌት ደወል ከአልጋው ሥር ይሰማል፤ አንዲት እርግብ ገብታ፣ ክፍሉን እንደሚከራይ ሰው ዞር ዞር ብላ አይታ፣ ሳትስማማ ወጣች። ብርሃኑ ወለሉ ላይ እንደ ውኃ ይንቀሳቀሳል። ሚስቱ ዓይኗን ከደነችና ጀልባ ላይ ያለች ይመስለኛል አለች፤ የት እንደምንሄድ ግን አልነገራችሁኝም አለች። ባሏም ጫማውን አውልቆ ከእግሯ ሥር ተቀመጠ፤ እውነትም ወለሉ ሲወዛወዝ ተሰማው። “እንዲህ ያለ ቀይ ነበር የዕድሜ ልክ ሕልሜ” አለችው። ይህን ስትል ባሏ ሰምቷል፣ እርግቧም ሰምታለች።

ጥናቷ ስትደርስ በር እያለ በመስኮቱ ክፍት በኩል ነው ሰላም ያለችው። ጫማዋ አቧራ የጠጣ፣ ትከሻዋ ከቦርሳው ክብደት ያዘነበለ ልጅ ናት። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ በእጇ ሳትነካው እንዳላለፈች ጨምርበት አየ፣ ደረቱም ተነፋ። መቅረጫ ማሽኗን ካስፈቀደች በኋላ መደገፊያው ላይ አስቀመጠች። ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው ሚስቱን ነው፤ “እናቴ፣ እርስዎ እንዴት ዋሉ?” ብላ። ሚስቱ መልሱን ክር አድርጋ ቀዳዳውን ስትፈልግ፣ ባሏ ቀድሞ መለሰላት። እንደ ልዕልት ዋለች አለ። ምን ትበላለች ስትለው ያማራትን አለ። ማን ያጥባታል ስትለው ለእሷማ ወረፋ ነው አለ። ጎረቤቱ ማገዝ ፈልጎ በር ላይ እንደሚጋፋ፣ ከጤና ጣቢያው ሐኪሞች ሊያዩአት በየጊዜው እንደሚመላለሱ፣ ሐኪሞቹም ከእሷ ትዕግሥት ትምህርት ቀስመው እንደሚሄዱ አወራ። አፉ እንደ ወንዝ ሞላ፤ ጥናቷ ትጽፋለች፣ ማሽኑ ይቀዳል፣ ሶፋው ይደምቃል።

“ከባድ ሲሆንስ ጋሼ?” አለች ጥናቷ። “ከባድ ሲሆን ማን ያግዛችኋል?”

“የማያግዘን ማን አለ?” አለ ጨምርበት። ከዚያ ወንድሙን አነሳ። ታላቅ ወንድሙ በየማለዳው ፍራፍሬ ይዞ እንደሚመጣ፣ ሚስቱን እንደ ገዛ እህቱ እንደሚያያት፣ እምቢ ብለነው እንጂ ቤቱንም ሊለቅልን ነበር ሲል ተናገረ። ወንድምየው እዚያው ማጠፊያው ጋ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። ሴትዮዋ ከታመመች ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም። ወደ ቤቱ የሚሄደው በእነሱ ደጅ ነበር፤ አሁን ዞሮ በጀርባ በኩል ይሄዳል። ሁለቱ ወንድማማቾች ዳቦ ቤት ከተገናኙ ስለ ዳቦው ያወራሉ፤ ዛሬ ጠቆረ፣ ዛሬ አነሰ ይባባላሉ፤ ከዚያ አንዳቸው የሚቸኩልበት ነገር ትዝ ይለዋል። ልጅቷ አባቷን አየችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቦርሳዋን አየች። “አባዬ፣ ሻይ ልጨምርልህ?” አለችው። በዚያ ቤት እንዲህ ማለት በቃህ ማለት ነው፤ እሱ ግን ብርጭቆውን ዘረጋ።

ጥናቷ ማሽኗን አጠፋች። እንዲህ ያለ በፍቅር የተከበበ ቤት እስካሁን እንዳልገጠማት፣ ልቧ እንደረካ ነገረችው። አስታማሚዎቹ ግን ጥቂት ናቸው፣ የሚላኩትም ማንም ለሌላቸው ቤቶች ነው፤ እናንተማ እግዜር ይመስገን ደህና ናችሁ አለች። ጨምርበት ክው አለ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ፤ ሣሩ ቀይ ከፋይ ነበር። የልጁን ፊት ማየት ፈራ። ልጅቷ ግን አላለቀሰችም፤ የጠጡበትን ብርጭቆ ሰብስባ ወደ መጋረጃው ጀርባ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ የውኃ ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ብርጭቆዎቹ ከጠሩም በኋላ ውኃው መውረዱን አላቆመም። ሚስቱ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ወይም የወሰዳት መስላለች።

በዚህ ጊዜ ነው በመስኮቱ ክፍት የአንድ ሰው ራስ የገባው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ነው።

“ይቅርታ” አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ የጠፋች ድመት እንደሚያፈላልግ ሰው በለሰለሰ ድምፅ። “አንድ ሶፋ በዚህ አላለፈም?”

ጥናቷ ሶፋውን አየች፣ ጨምርበትን አየች፣ ከዚያ መቀመጫዋን ከሶፋው ላይ አነሳች፤ የሰው ዕቃ ላይ መቀመጧን ስታውቅ እንዳፈረች ልጅ። የውኃው ድምፅ ቆመ። መንገዱም ዝም አለ፤ የሚያልፉት እግሮች ቆመው ማዳመጥ ጀመሩ። ያን ጊዜ ጨምርበት ብድግ አለ። በዚያች ከሰዓት የተናገረውን ንግግር ማንም ንጉሥ፣ ማንም ጠበቃ፣ ማንም ሰባኪ ተናግሮት አያውቅም። ከማዶ ያለው ሬድዮ በራሱ ጠፋ። እርግቦቹ መስኮቱ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አውቶቡሱ ፌርማታው ላይ ቆሞ ቀረ፣ ተሳፋሪው ግን አላጉረመረመም። ሶፋው የእኛ አይደለም አለ። ወንድሜ አይመጣም፣ መንገድ ለውጧል አለ። ጎረቤቱ ክፉ አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ታማሚ ተሸክሞ ነው አለ። ሲያወራ ብርሃኑ ከወለሉ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወጣ፣ ከግድግዳው ጣሪያው ላይ ወጣ። በመጨረሻም እንዲህ አለ፦

“ማንም የለንም። እሷ አለች፣ እኔ አለሁ፣ ይቺ ልጅ አለች። ይቺ ልጅ ደግሞ መሄድ አለባት።”

ጥናቷ አለቀሰች። የሐኪሙ ጋዋን በእንባ ራሰ። አውቶቡሱ ውስጥ መሐረብ እየተቀባበሉ ነበር አሉ። ሐኪሙ ሶፋውን ሊወስድ መኪናውን ወደ ደጁ አስጠግቶ ነበር፤ ሴትዮዋ መተኛቷን ሲያይ ግን አሽከርካሪውን ሞተር አጥፋ አለው። በመስኮቱ ክፍት ክንዱን ደግፎ፣ ጥርስ የሚያመው ሰው ሁሉ ክሊኒኩ በር ላይ ተሰልፎ እያለ፣ ሴትዮዋ እስክትነቃ ቆሞ ጠበቃት። ስትነቃም “ተመቸሽ ወይ እናቴ?” ብሎ ጠየቃት እንጂ ሌላ አልጠየቃትም። በሚቀጥለው ሰኞ ማለዳ አስታማሚዋ ደጁን አንኳኳች፤ ልጅቷም ቦርሳዋን ከግድግዳው አውርዳ፣ አቧራውን አራግፋ፣ ሄደች።

ጨምርበት ይህን ታሪክ ሱቁ ውስጥ ሲተርክ ሳቅና ግርምት አይታጣም። በቅርቡም እንዲሁ አንድ የታክሲ ሹፌር የመኪናውን ወንበር ሊያስለብስ መጥቶ፣ ሥራው እስኪያልቅ ስፖንጅ ክምር ላይ ተቀምጦ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ሰማው። አውቶቡሱ ጋ ሲደርስ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፤ “ይቺ ልጅ መሄድ አለባት” የሚለው ጋ ሲደርስ ደግሞ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ አቧራ ገባብኝ አለ። የጨምርበት ሚስት በሱቁ ጥግ በርጩማ ላይ ነበረች። አሁን በከዘራ እየተደገፈች ከቤት እስከ ሱቅ ትመጣለች። ጭኗ ላይ ሁለት የቆርቆሮ ሣጥኖች ይዛ፣ ባሏ በጨርቅ የሸፈናቸውን ክብ ክብ የሶፋ ቁልፎች በዚያች በማትታዘዘው እጇ ከአንዱ ወደ ሌላው ታዛውራለች፤ አስታማሚዋ የሰጠቻት የእጅ ሥራ ነው። አንዱን ለማንሳት ረጅም ጊዜ ይወስድባታል፤ ታነሳዋለች ግን።

“እትዬ፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው?” አላት ሹፌሩ፣ እየሳቀ።

ጨምርበት ጎንበስ ብሎ ከመሣሪያ ሣጥኑ እፍኝ ሚስማር አነሳና ከከንፈሩ መሃል ይደረድር ጀመር። የሚወጠር ጨርቅ አጠገቡ አልነበረም።

“ሶፋ አልነበረም” አለች ሚስቱ። የያዘችውን ቁልፍ አስቀመጠች። “ሐኪምም አልመጣም። መስኮቱም ያው መስኮት ነው። ደግሞ ቀይ አልወድም።”

ሹፌሩ ሊስቅ ከንፈሩን ከፈተና ተወው።

“ጥናቷ መሬት ላይ ነው የተቀመጠችው” አለች፣ ቃሉን በቀስታ እያሾለከች። “ከአልጋዬ አጠገብ። ማን ያግዛችኋል አለችው። እሱ ምንም አላለም። እሷም አልቸኮለችም፤ እግሯን አጥፋ ጠበቀችው። ቆየን። ብርሃኑ ወለሉን ለቅቆ እስኪወጣ ቆየን። እሷም ያን ጻፈች።” ሌላ ቁልፍ ፈለገች፣ አገኘች። “ሚስማር በአፉ የያዘ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት።”

ቁልፉን ወደ ማዶው ሣጥን ጣለችው።

“አልያዘም።”